ነሐሴን ሙሉ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለማንበብ ላሰባችሁ

ካቻምና ነሐሴ ላይ ሰባት ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ጀምሬ ስድስቱን ጨረስኩ፣ ወሩ ሲያልቅ ግን ጓደኛዬ "እስኪ የቱን ላንብብ?" ስትለኝ የአንዱን መርማሪ ከሌላኛው ገዳይ ጋር እያደባለቅኩ ነበር የማወራላት። ከስድስት መጽሐፍ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ተኩስና አንድ የተቆለፈ በር። በጣም ነው የቆጨኝ፣ ምክንያቱም ጥሩ ልብ አንጠልጣይ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዷን ነገር የት እንደሚደብቃትና መቼ እንደሚያወጣት ቆጥሮ ነው ሚያስቀምጣት፣ ያን ሁሉ ልፋት እኔ በሩጫ አለፍኩት። አምና በዛው ወር አራት ብቻ አነበብኩ፣ አራቱንም ግን እስካሁን ከነሰዎቻቸው ልተርክላችሁ እችላለሁ። ለውጡን ያመጣው ዋናው ነገር የት ላይ መጽሐፉን እንደምዘጋ መማሬ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን ከዝግጅቱ ልጀምር።

ለምን ነሐሴ? ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ከቤት አያስወጣም፣ ተማሪውም አስተማሪውም እረፍት ላይ ነው፣ ፍልሰታን ለሚጾም ሰው ደግሞ ቅዳሴ እስኪደርስ ያለው ጠዋት ረጅምና ጸጥ ያለ ነው። ዋናው ግን በኛ አቆጣጠር ወሩ ድፍን 30 ቀን ሆኖ ከኋላው ጳጉሜ መኖሯ ነው፣ እነዛ 5 ወይ 6 ቀናት ለተንጠባጠበው ነገር ይሆናሉ፣ እኔ ምን እንዳደረግኩባቸው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ በዛ በኩል ምሽቱ በጣም የሚረዝምበትን ታኅሣሥን ወይ ጥርን ብትመርጡ ያው ነው።

መጽሐፍ ከመምረጣችሁ በፊት ፍጥነታችሁን ለኩ። ብዙ ሰው "በወር አስር አነባለሁ" ብሎ የሚነሳውና በሁለተኛው ሳምንት የሚተወው ይሄን ስላላደረገ ነው። ስልካችሁ ላይ 20 ደቂቃ ሙሉና እንደ ወትሯችሁ አንብቡ፣ ሳትሮጡ፣ ከዛ ገጽ ቁጠሩ። እኔ በአማርኛ 12 ገጽ ነው ማነበው፣ በእንግሊዝኛ 10። ስለዚህ በሰዓት 36 እና 30 ማለት ነው። በሥራ ቀን አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሁለት ሰዓት ካነበብኩ በሳምንት 9 ሰዓት ይሆናል፣ በአማርኛ 324 ገጽ፣ በእንግሊዝኛ 270። በቃ ይሄ ነው አቅሜ፣ በወር አራት መጽሐፍ፣ ትንሽ ወፍራም ከገባበት ደግሞ ሦስት። ቁጥሩ ቢያንስባችሁም አትከፉ፣ ሁለት መጽሐፍ በደንብ የተነበበበት ወር ሙሉ ወር ነው።

አሁን ምርጫው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም የካቻምናው መደበላለቅ የመጣው ስድስቱም አንድ አይነት መጽሐፍ ስለነበሩ ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ የሚባለው የፊልም ዳይሬክተር ድንጋጤና ሰቀቀን እንዴት እንደሚለያዩ ያስረዳበት ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተራ ወሬ ያወራሉ፣ ድንገት ከስር ቦምብ ይፈነዳል፣ ተመልካቹ 15 ሰከንድ ደንግጦ አለቀ። አሁን ያው ጠረጴዛ ያው ወሬ ይሁን፣ ግን ተመልካቹ ቦምቡ ሲጠመድ አይቷል፣ በስንት ሰዓት እንደሚፈነዳም ያውቃል፣ ሰዎቹ ብቻ አያውቁም። ያኔ 15 ደቂቃ ሙሉ "ኧረ ተነሱ!" እያለ ልቡ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፣ ያ ተራ ወሬ ራሱ አስጨናቂ ይሆናል። እኛ ሁሉንም በጅምላ ልብ አንጠልጣይ እንላቸዋለን እንጂ ውስጣቸው ሲታይ ጥያቄያቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ቦምቡን ማን አስቀመጠው ይላል፣ አንዱ መቼ ነው ሚፈነዳው ይላል፣ የስለላው ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማን ለማን ነው ሚሰራው ይላል፣ አራተኛውና ለኔ ከባዱ ይሄን የሚተርክልኝ ሰውዬ ራሱ እውነት እየነገረኝ ነው ወይ የሚያስብለው ነው። ለወሩ ከአራቱ አንድ አንድ ውሰዱ፣ ከዛ ሊደባለቁባችሁ ቢፈልጉም አይችሉም።

ቅደም ተከተሉ ላይ እኔ እንዲህ ነው ያደረግኩት። ለመጀመሪያው አጠር ያለ "ማን አደረገው" መርጬ የአጋታ ክሪስቲን "ኤንድ ዜን ዜር ዌር ነን" ያዝኩ፣ በ1939 በፈረንጆቹ የወጣ፣ 10 ሰዎች አንድ ደሴት ላይ ተሰብስበው አንድ በአንድ የሚያልቁበት። ለመጀመሪያ ሳምንት ጥሩ የሆነው ቶሎ ስለሚይዝና ምዕራፎቹ ክፍልፍል ስላላቸው ነው፣ የማንበብ ልማዱ ገና ሳይጸና ከባድ ነገር መጫን ጥሩ አይደለም።

ቀጥዬ የፍሬድሪክ ፎርሳይትን "ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል"፣ 1971 በፈረንጆቹ። ይሄን መጽሐፍ ልብ አንጠልጣይ ምን ማለት እንደሆነ መማር ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ነው የምመክረው። ታሪኩ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ሰው ነው፣ ደጎል ደግሞ በነፍሰ ገዳይ እጅ እንዳልሞቱ፣ በ1970 ቤታቸው ውስጥ እንዳረፉ መጽሐፉ ሲወጣ አንባቢው ሁሉ ያውቅ ነበር። ማለትም መጨረሻውን ገና ሳትጀምሩ ታውቁታላችሁ፣ ግን መጽሐፉን ከእጃችሁ ማስቀመጥ አትችሉም። እንዴት ሊሆን ቻለ? ምክንያቱም ሰውየው ፓስፖርቱን እንዴት እንደሚያወጣ፣ መሣሪያውን ማን ጋ እንደሚያሠራ፣ ድንበር እንዴት እንደሚያልፍ ደረጃ በደረጃ ስታዩ "ይሳካለት ይሆን" የሚለው ቀርቶ "ይሄኛውን ደግሞ እንዴት ያልፈው ይሆን" ውስጥ ትገባላችሁ። ስፖይለር (መጨረሻውን የሚያወጣ ወሬ) ሰምቼ መጽሐፉ ተበላሸብኝ ብላችሁ የተዋችሁት ካለ ይሄን አንብባችሁ እንደገና ሞክሩት።

ሦስተኛው የስለላ ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ የኛው "ኦሮማይ" አለልን። ብዙዎቻችን የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ እንደ ፖለቲካ መጽሐፍ ነው ምናወራው፣ እሱም ልክ ነው፣ በኛ አቆጣጠር በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው የተባረረበትና በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ የቀረበት መጽሐፍ ነው፣ ይሄን እያወቁ ሲያነቡት ይከብዳል። ግን እስኪ አንዴ ለብቻው እንደ ልብ አንጠልጣይ አንብቡት፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ለደርጉ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሲገባ ከተማው ውስጥ ሻይ የሚጋብዘው ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ፊያሜታ ጋር ያለው ፍቅር ራሱ ጥያቄ ውስጥ ነው፣ ርዕሱ ደግሞ ከጣልያንኛ መጥቶ እዛ ከተማ የቀረ ቃል ነው፣ "አበቃ፣ ካሁን ወዲያ ምን ዋጋ አለው" አይነት ስሜት ያለው። ትምህርት ቤት እያለን ያነበብን ሰዎች ፍቅሩን ነው የያዝነው፣ ሁለተኛ ስታነቡት ግን እያንዳንዱ ግብዣ ላይ ማን ዝም እንዳለ ታያላችሁ።

አራተኛው፣ የተራኪውን አፍ ማመን የማይቻልበት፣ መጨረሻ ይሁን። ሦስት መጽሐፍ አንብባችሁ ዓይናችሁ ስለተሳለ ዝግ ያለውን መጽሐፍ ትታገሱታላችሁ። እንግሊዝኛ ለሚያነብ የዳፍኒ ዱ ሞሪዬ "ረቤካ"፣ 1938 በፈረንጆቹ፣ እዚህ ቦታ በደንብ ትገባለች፤ ተራኪዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሟ አይነገርም፣ የመጽሐፉ ርዕስ ግን የሞተችው የፊተኛዋ ሚስት ስም ነው፣ ይሄ ብቻውን ስንት ነገር ይናገራል። እኔ ግን አምና ለዚህ ቦታ ያነበብኩት ወደ አማርኛ የተተረጎመ መጽሐፍ ነበር፣ አንድ ፍንጩን ላወጣባችሁ ስለሆነ ስሙን አልጠራም።

ተከታታይ መጽሐፍ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ የጀመረ ሰው ተከታዩ ራማቶሓራ እየጠራው ነው የሚጨርሰው፣ ስለዚህ ተከታታይ ካማራችሁ ወሩን ለሱ ብቻ ስጡት፣ ከሌላ አትቀላቅሉት።

መግዛት ላይ ስንመጣ አሮጌ መጽሐፍ የምትገዙ ከሆነ (እኔ አብዛኛውን ከአሮጌ ተራ ነው ምገዛው) ከፊቱ በፊት ከኋላው ክፈቱት። መጽሐፍ የሚጠረዘው ብዙ ጊዜ 16 ወይ 32 ገጽ እየታጠፈ በጥራዝ በጥራዝ ነው፣ ሙጫው ሲደርቅ መጀመሪያ የሚወልቀው የዳርና የዳሩ ጥራዝ ነው፣ ልብ አንጠልጣይ ላይ ደግሞ የመጨረሻዋ ጥራዝ ማለት መጽሐፉ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ይሄን ሳላይ ገዝቼ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መርማሪው ሁሉንም ሰው ሳሎን ሰብስቦ "ገዳዩ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው" ብሎ ገጹን ስገልጥ ካርቶኑ ሽፋን። ሻጩ ጋር በጠዋት ሄጄ "እኔ ስሸጥልሽ ሙሉ ነበር" ነው ያለኝ፣ ሌላ ኮፒ እስካገኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ የመጨረሻውን ገጽ ሳታነቡ የገጽ ቁጥሩን ብቻ እዩ፣ ዓረፍተ ነገሩ በአራት ነጥብ ማለቁን እዩ፣ መሀል ላይ ደግሞ ገጽ ዘሎ እንደሆነ ጠርዙን በአውራ ጣት እያሳለፋችሁ ቁጥር ተከታተሉ። የሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ካለም አታንብቡት፣ አንዳንድ ሰው የገዳዩን ስም ጽፎ ነው የሚያስረክበው።

የተተረጎመ ከሆነ የውስጥ ገጹ ላይ የእንግሊዝኛ ርዕሱን ፈልጉ። ሲድኒ ሼልደንን የመሰለ እኛ ጋ የተወደደ ደራሲ ስንት ተርጓሚ ነው ያለው፣ አንዱ መጽሐፍ በሁለት የአማርኛ ርዕስ ሊወጣ ይችላል፣ እኔ ሁለት ገዝቼ ሃያ ገጽ ከሄድኩ በኋላ ነው አንድ መሆናቸውን ያወቅኩት። ለመግዛት አቅም የማይፈቅድ ከሆነ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) አለ፣ ሰፈራችሁ አሮጌ መጽሐፍ የሚያከራይ ካለም በጣም ጥሩ፣ የኪራይ ቀን ስለሚቆጠር ራሱ ያስነብባል። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ ግን፣ በተለይ በሕይወት ያለ የአማርኛ ደራሲ ከሆነ፣ ብትተዉት እላለሁ፣ ሰውየው ሁለት ዓመት የለፋበትን ነው በአንድ ክሊክ ምንወስድበት፣ ቀጣዩን እንዲጽፍልን ከፈለግን እንግዛው።

እሺ፣ አሁን ወደ ማቆሙ።

ሁላችንም "ይቺን ምዕራፍ ጨርሼ ልተኛ" እንላለን፣ ስህተቱ እሱ ነው። ልብ አንጠልጣይ ውስጥ የምዕራፍ መጨረሻ የተሠራው እንዳታቆሙ ነው። ይሄ የቆየ ልማድ ነው፣ እንደ ዊልኪ ኮሊንስ "ዘ ዉማን ኢን ዋይት" ያሉ ልቦለዶች በ1859 እና 60 በፈረንጆቹ መጽሔት ላይ በየሳምንቱ እየተቆረጡ ነበር የሚወጡት፣ አንባቢው የሚቀጥለውን ሳምንት ቅጂ እንዲገዛ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሎ መቅረት ነበረበት። ዛሬም ምዕራፍ የሚያልቀው በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጮህ፣ "አንተ ነህ እንዴ?" ሲባል ነው። እዛ ላይ ዘግታችሁ ብትተኙ እንቅልፍ የለም፣ ካልዘጋችሁ ደግሞ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፣ እንቅልፍ እየታገላችሁ ያነበባችሁት ደግሞ ጠዋት አይገኝም፣ የካቻምናው ጣጣዬ ይሄ ነበር።

ያገኘሁት መላ ምዕራፉ ሲያልቅ ገጹን ገልጣችሁ የሚቀጥለውን ሁለት ሦስት ገጽ አንብባችሁ ማቆም ነው። በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ሰውየው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ቡና ይቀርባል፣ ልባችሁ ይረጋል። ያቺ ቡና የቀረበችበት ቦታ ላይ ዕልባታችሁን አድርጉ። ሁለት ጥቅም አለው፣ አንደኛ ትተኛላችሁ፣ ሁለተኛ በማግስቱ ስትከፍቱት ትዕይንት መሀል ላይ ስለሆናችሁ ሰዎቹ ክፍሉ ውስጥ እንደተቀመጡ ይጠብቋችኋል፣ "የት ነበርኩ" ብላችሁ ወደኋላ አትመለሱም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ላለን ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ጨለማ ውስጥ በስልክ ባትሪ ማንበብ ዓይንም ያደክማል ስልኩም ያልቃል፣ መብራት የሄደበት ቦታ ራሱ ማቆሚያ ይሁናችሁ።

ስታቆሙ ሦስት መስመር ጻፉ። ትንሽ ደብተር ይበቃል፣ እኔ የሃያ አራት ቅጠል ደብተር ነው የያዝኩት። አንደኛው መስመር አሁን የምጠብቀው ምንድነው፣ ሁለተኛው የማላምነው ማንን ነው፣ ሦስተኛው ዛሬ ያየሁት ዕቃ። ለምሳሌ ጃካል ላይ አንድ ቀን የጻፍኩት እንዲህ ይላል፣ "የሰውየውን እውነተኛ ስም ማንም አያውቅም፣ ታዲያ ፖሊሱ ከየት ይጀምራል?" በማግስቱ ማንበብ ስጀምር ያንን ጥያቄ ይዤ ስለገባሁ የመርማሪውን እያንዳንዷን የስልክ ጥሪ በትኩረት ነው የተከታተልኩት። ዕቃውን አትናቁት፣ እንዲህ አይነት መጽሐፍ ውስጥ ቁልፍ፣ ደብዳቤ፣ የተሰበረ ሰዓት በከንቱ አይጠቀስም፣ መቶ ገጽ ቆይቶ ይመለሳል።

የዕቃውን ነገር ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ዓይኗ ስለደከመ አራተኛውን መጽሐፍ ማታ ማታ ጮክ ብዬ ነበር የማነብላት፣ እሷ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። አንድ ምዕራፍ ላይ አንዲት ሴት በዝናብ ሌሊት ትጠፋለች፣ ሹፌሩ ለፖሊስ "እኔ ከመኪናው አልወረድኩም" ይላል። እኔ ቀጥዬ እያነበብኩ ነው፣ እናቴ እንዝርቷን አቆመችና "ቆይ አንቺ ልጅ፣ ቅድም ኮቱን ምድጃ ዳር አሰጣ አላልሽም?" አለችኝ። ወደኋላ ተመለስኩ፣ እውነትም ገጽ 19 ላይ፣ ሻይ የምታቀርበው ልጅ የሹፌሩን ኮት ተቀብላ ታሰጣዋለች፣ ግማሽ መስመር ናት። "ከመኪና ያልወረደ ሰው ኮቱ በምን ረጠበ?" አለች። እኔ በዓይኔ ያነበብኩትን እሷ በጆሮዋ ያዘችው፣ ምክንያቱም ጮክ ተብሎ ሲነበብ መዝለል የለም። ስለዚህ ከአራቱ አንዱን ለሰው አንብቡ፣ ለእናት፣ ለባል፣ ለአብሮ አደር፣ ማንም ባይኖር ኦዲዮ ስሙ፣ ግን ፍጥነቱን ሳትጨምሩ።

ስለ ስፖይለር ባጭሩ፣ የጀርባ ሽፋኑን ግማሽ ብቻ አንብቡ፣ የቆዩ መጻሕፍት መግቢያን ደግሞ ለመጨረሻ አቆዩት፣ መግቢያ ጸሐፊዎች ታሪኩን ሁሉ ዘርግፈው ነው ሚያመሰግኑት። መሀል ላይ እያላችሁ ሪቪው አትክፈቱ።

ያልያዛችሁን መጽሐፍ 60 ገጽ ስጡት። 60 ገጽ ላይ የደብተራችሁ የመጀመሪያ መስመር ባዶ ከሆነ፣ ማለትም የምትጠብቁት ነገር ከሌለ፣ ያለ ጸጸት አስቀምጡት። ሌላም የማስቀመጫ ምክንያት አለ፣ አንዳንዱ መጽሐፍ ሴት ልጅ ላይ የሚደርስ ግፍን ለማስደንገጫ ብቻ ያበዛዋል፣ ሌሊት የሚያባንን፣ ቀን ሰው የሚያስፈራ ከሆነባችሁ ተዉት፣ ማንበብ ፈተና አይደለም። በሁለት መጽሐፍ መሀል ደግሞ አንድ ቀን ክፍት ተዉ፣ እኔ በዛች ቀን ግጥም ነው የማነበው፣ ሁለት ሦስት ግጥም፣ የፊተኛው መጽሐፍ ሰዎች ከቤት እንዲወጡ።

ጳጉሜ ላይ አዲስ መጽሐፍ አልጀመርኩም። ከአራቱ በጣም የወደድኩትን መርጬ የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች በእርሳስ እንደገና አነበብኩ፣ መጨረሻውን እያወቅኩ ማለት ነው። ያ የእናቴ መጽሐፍ ነበር። ደራሲው ኮቱን ገጽ 19 ላይ ብቻ አይደለም ያስቀመጠው፤ ገጽ 7 ላይ ሹፌሩ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ "ዝናቡ ገና ካሁኑ ይበርዳል" ይላል፣ የቤቱ ሰዎች ግን ዝናብ መጀመሩን የሚሰሙት ገጽ 11 ላይ ነው። ከስሩ አሰመርኩበትና ደብተሬን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ፣ "እሱን እንኳን እኔም አልሰማሁትም፣ እስኪ ድገሚልኝ" አለች።